ልጁን አገር ቤት ከመላካችሁ በፊት ደብዳቤውን አንብቡት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ አባት የጻፉትን አንብቤ ነው ይሄን የምጽፈው። ልጃቸው እዚህ ለንደን ከሴኮንደሪ ስኩል ስለተባረረ አዲስ አበባ አያቱ ጋ ልከውት እፎይ እንዳሉ ነግረውናል፣ ሌላውም ወላጅ እንደሳቸው ቢያደርግ እንደሚሻል መክረዋል። እሳቸው ላይ ጣት ልቀስር አይደለም፣ ልጅ ሲባረር ቤት ውስጥ ምን አይነት ጭንቅ እንደሚገባ አውቀዋለሁ፣ ለሐበሻ ወላጆች የትምህርት ቤት ሚቲንግ ላይ በበጎ ፈቃድ እየገባሁ ስለማስተረጉም። ምክራቸውን ግን አልቀበለውም። ካየኋቸው ልጆች ብዙዎቹ ወደ መደበኛ ክፍል መመለስ ይችሉ ነበር፣ ያልተመለሱት እኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፍረን ዝም ስላልን ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ኢንግላንድ ውስጥ ልጅን ማገድም ማባረርም የሚችለው ሄድ ቲቸሩ (ርዕሰ መምህሩ) ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የዲሲፕሊን ብቻ መሆን አለበት፣ ለወላጅም ሳይውል ሳያድር በጽሁፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሰስፔንሽን የሚሉት የጊዜ እገዳ በአንድ የትምህርት ዘመን ተደማምሮ ከ45 የትምህርት ቀን አይበልጥም። ጭራሽ መባረር ደግሞ በ2023/24 10,885 ጊዜ ተወስኗል፣ ከሱ በፊት በነበረው ዓመት 9,376 ነበር፣ በአንድ ዓመት ያን ያህል ጨምሯል። ልጁ ጭራሽ ከተባረረ ከስድስተኛው የትምህርት ቀን ጀምሮ ሙሉ ሰዓት የሚማርበትን ቦታ ማዘጋጀት የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ስራ ነው፣ እገዳው ከአምስት ቀን የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ የትምህርት ቤቱ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ልጁ በትምህርት ሰዓት ያለ በቂ ምክንያት ውጪ ከተገኘ ግን የሚቀጣው ወላጅ ነው። በሰዓት ለሚከፈላት እናት ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ወይ ከስራ ቀርታ ልጁን ትጠብቃለች ወይ በር ቆልፋበት ትሄዳለች።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ቀን የሚቆጠርበት። ልጅ ጭራሽ ሲባረር የትምህርት ቤቱ ቦርድ፣ ገቨርነር የሚሏቸው ሰዎች ማለቴ ነው፣ በ15 የትምህርት ቀን ውስጥ ተሰብስበው የሄድ ቲቸሩን ውሳኔ ማየት አለባቸው። ወላጅ እዛ ገብቶ መናገር ይችላል፣ የሚያግዘው ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ገቨርነሮቹ ውሳኔውን ካጸኑት ገለልተኛ ፓነል እንዲያየው ለመጠየቅ ሌላ 15 የትምህርት ቀን አለ፣ ሳንቲም አይከፈልበትም። ወላጅ ከፈለገ የልዩ ፍላጎት ኤክስፐርት ስብሰባው ላይ እንዲገኝ መጠየቅም ይችላል፣ ትምህርት ቤቱ «ይሄ ልጅ እንደዛ አይነት ችግር የለበትም» ቢልም እንኳን። እውነቱን ለመናገር ፓነሉ ልጁን በግድ መልሱት የማለት ስልጣን የለውም፣ ግን ውሳኔውን ሽሮ ገቨርነሮቹ እንደገና እንዲያዩት ማዘዝ ይችላል፣ ከዛ በኋላም አንመልስም ካሉ ትምህርት ቤቱ 4,000 ፓውንድ እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል። ብዙ ወላጆች ወደኔ የሚደውሉት ይሄ ሁሉ ቀን ካለፈ በኋላ ነው፣ ያኔ ምን ይደረጋል።

ለምን እንደሚያልፍ ደግሞ በአይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት ሌሊቱን ቢሮ ሲያጸዱ አድረው ቀጥታ ወደ ሚቲንጉ መጡ፣ ከትምህርት ቤትና ከካውንስል የመጣውን ደብዳቤ በሙሉ በፌስታል ይዘው፣ ግማሹ ፖስታው እንኳን አልተከፈተም፣ የክፍያ ቢል መስሏቸው ነው። ልጁ አጠገባቸው አንገቱን ደፍቶ የጃኬቱን ዚፕ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ምክትል ሄድ ቲቸሯ በጣም ደግ በሆነ ድምጽ ታወራለች፣ እትዬም ለአስተማሪ ካላቸው አክብሮት ለያንዳንዱ አረፍተ ነገር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ደግሞ «ወላጅ ተስማምተዋል» እያለች ትጽፋለች። በመጨረሻ አንዲት ወረቀት ገፋ አደረገችላቸው። ልጄን ቤት ውስጥ አስተምራለሁ የሚል ነው። ይሄን ከፈረሙ መባረሩ ሬከርዱ ላይ አይገባም አለቻቸው። እስክሪብቶውን አነሱ። አስተርጓሚ የተባለውን ከመተርጎም ውጪ አፉን መክፈት የለበትም፣ እሱን አውቃለሁ፣ ግን «ይቆዩ እትዬ፣ አይፈርሙ» ብዬ በአማርኛ ተናገርኩ። ያቺን ወረቀት ቢፈርሙ ኖሮ ልጁ በገዛ ፈቃዱ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው፣ የማስተማሩ ሃላፊነት ከነወጪው እሳቸው ትከሻ ላይ ይወድቃል፣ ገቨርነር የለ ፓነል የለ፣ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ቦታ የማዘጋጀት ግዴታም የለ። ማታ ማታ የሚሰሩ፣ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራቸው እናት ሳይንስና ሒሳብ ሊያስተምሩ ማለት ነው እንግዲህ። እሳቸው ያን ቀን አልፈረሙም፣ ስንቱ ግን ፈርሟል።

እኛ ያደግነው ወላጅ ልጁን ለአስተማሪ አስረክቦ «አይኑን ብቻ ተዉልኝ» ሲል እየሰማን ነው። አስተማሪ ፊት መከራከር ነውር ይመስለናል። እዚህ አገር ግን ሚቲንግ ላይ ዝም ያለ ወላጅ እንደ ጨዋ አይታይም፣ ጉዳዩ እንዳልከነከነው ነው የሚቆጠረው። ሌላም ነገር አለ፣ «ዛሬ ትንሽ ይረጋጋ፣ ቤት ይዋል» ብለው ደውለው ልጁን እንድትወስዱ የሚያደርጉት ነገር። ደብዳቤ ሳይጻፍ በዲሲፕሊን ምክንያት ልጅን ወደ ቤት መላክ ህገወጥ ነው፣ ወላጅ ቢስማማ እንኳን። ስለዚህ «እሺ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ግን በጽሁፍ ስጡኝ» በሉ። አንዴ እንደዛ ከተባሉ መደወሉን ይቀንሱታል፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እስቲ ደግሞ የማይወራውን ላውራ። መንግስት አስጠንቶት በ2019 የወጣው የቲምፕሰን ሪፖርት የሚባለው ጥናት ጭራሽ ከሚባረሩት 78 በመቶዎቹ ወይ የመማር ልዩ ፍላጎት ያላቸው፣ ወይ ሶሻል ሰርቪስ የሚከታተላቸው፣ ወይ ደግሞ በቤተሰብ ገቢ ማነስ ነጻ ምሳ የሚበሉ እንደሆኑ አግኝቷል። ማለትም ልጁ ባለጌ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ግን አንድ ሐበሻ አባት ጋ ሄዳችሁ ልጅህ ቢመረመር ጥሩ ነው በሉት እስቲ፣ «ልጄ እብድ ነው እንዴ!» ብሎ ነው የሚነሳባችሁ። ማንበብ ስለሚያስቸግረው ክፍል ሲረብሽ የኖረ፣ ጮክ ብሎ ከማንበብ ከክፍል መባረርን የመረጠ ልጅ አውቃለሁ፣ 14 ዓመት እስኪሞላው ማንም አላወቀለትም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለልዩ ፍላጎት ጉዳይ የተመደበ ሴንኮ የሚሉት አስተማሪ አለው። ደብዳቤው ሳይመጣ፣ ዲቴንሽን የሚሉት ከሰዓት በላይ የማስቀረት ቅጣት ሲበዛ ነው ሄዶ «ሴንኮዋን ማናገር እፈልጋለሁ» ማለት። ያፈረም ያላፈረም ይሂድ።

ልጁ ከተባረረ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ፒአርዩ የሚባለው፣ የተባረሩ ልጆች የሚማሩበት ማዕከል ነው። ወላጆች እስር ቤት አድርገው ያዩታል፣ እሱ ልክ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ትንሽ ነው፣ ትዕግስት ያላቸው አስተማሪዎች አጋጥመውኛል፣ ልጁን በስሙ ጠርተው ቁርስ በልተሃል ወይ የሚሉ። ችግሩ መሸጋገሪያ ይሆናል የተባለው ቦታ መጨረሻ ሆኖ መቅረቱ ነው። በዚሁ በቲምፕሰን ሪፖርት ጭራሽ ከተባረሩት ልጆች በ16 ዓመት ግድም የሚወሰደው ጂሲኤስኢ የሚባለው ፈተና ላይ እንግሊዝኛና ሒሳብን በጥሩ ውጤት ያለፉት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ፒአርዩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ወላጅ መጠየቅ ያለበት «ጸባዩ እንዴት ነው» ብቻ አይደለም፣ «መቼ ነው የሚመለሰው፣ ወደየት ነው፣ ማን ነው የሚከታተለው» ነው። ካውንስሉ በሁሉም ትምህርት ቤቶች የሚሰራ ፌር አክሰስ የሚባል፣ ትምህርት ቤት ላጣ ልጅ ቦታ የሚፈልግ ስርዓት እንዲኖረው ህግ ያስገድደዋል፣ በሱ በኩል የተላከ ልጅ በ20 የትምህርት ቀን ውስጥ ቦታ ሊመደብለት ይገባል። ሳይጠየቅ ዝም ብሎ የሚንቀሳቀስ ፋይል ግን ብዙ አላየሁም። ኢር ናይን ወይም ኢር ቴን መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ መመለስ ይችላል፣ የመጨረሻው ዓመት ኢር ኢለቨን ከገባ በኋላ ግን የሚቀበለው ትምህርት ቤት ማግኘት ጭንቅ ነው፣ ፈተናው ደርሷላ።

መመለስ ሲባል ደግሞ በር ከፍቶ ማስገባት ብቻ አይደለም። አንዱን ልጅ አዲስ ትምህርት ቤት ሲገባ እናቱ ስራ ስለነበራት እኔ ነኝ ያደረስኩት። ብሌዘሩ፣ የዩኒፎርሙ ኮት ማለቴ ነው፣ የሰው ነው፣ እጁ ረዝሞበታል። ሪሴፕሽን ላይ ቆመን ቆመን ስሙ ሲስተም ውስጥ አልገባም ተባለ፣ ማታ ሳናግረው ምሳ ሳይበላ ነው የዋለው፣ ካንቲን ውስጥ ጣቱን ሲያስነካ ማሽኑ አላወቀውም፣ ከኋላው የተሰለፉት ልጆች ሲስቁ ጥሎ ወጣ። አስተማሪዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ማንም ተመድቦ አልጠበቀውም፣ በቃ። በዛ ላይ የድሮው ትምህርት ቤት ሳይንስን በአንዱ የፈተና ቦርድ ነበር የሚያስተምረው፣ አዲሱ በሌላ ነው፣ ስለዚህ የተማረውን ይደግማል ያልተማረውን ይዘለላል፣ ሒሳብም ያለምንም ፈተና የመጨረሻው የችሎታ ምድብ ውስጥ ከተቱት፣ ከዛ ሆኖ ደግሞ ሃየር የሚባለውን ከፍ ያለውን ፈተና መውሰድ አይቻልም፣ የውጤቱ ጣሪያ ከ9 5 ነው። ይሄን ሁሉ አንድ ስብሰባ ሊያስተካክለው ይችል ነበር፣ ልጁ ከመግባቱ በፊት ወላጅ፣ ፒአርዩው እና አዲሱ ትምህርት ቤት ቁጭ ብለው የትኛው የችሎታ ምድብ፣ የትኛው ቦርድ፣ ሲናደድ ማን ጋ ይሄዳል ብለው ቢጽፉት። መጀመሪያ ለተወሰነ ጊዜ በፒአርዩው ስም እየተመዘገበ አዲሱ ጋ እየተማረ ቢሞከር ደግሞ የበለጠ ይሻላል፣ አንዳንድ ካውንስል እንደዛ ያደርጋል።

ማኔጅድ ሙቭ የሚሉትም አለ፣ ሳይባረር በስምምነት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወር። አንዳንዴ ጥሩ መውጫ ነው። ግን በስምምነት ነው፣ «ካልተስማማችሁ እናባርረዋለን» ተብሎ ከሆነ ስምምነት አይደለም፣ አስቡበትና ነገ እንመልስላችኋለን ማለት ትችላላችሁ። በነገራችን ላይ እዚሁ ጎረቤት ስኮትላንድ ጭራሽ የሚባረር ልጅ በዓመት በጣት የሚቆጠር ነው። ስኮትላንድ ያለው ልጅ መልአክ ሆኖ አይደለም መቼም።

ወደ አባትየው ልመለስ። ልጁን አዲስ አበባ መላክ ለትንሽ ጊዜ ቤቱን ያረጋጋዋል፣ አልክድም። ግን ልጁ እዚህ ከመዝገብ ይወጣል፣ ያኔ እሱን የመመለስ ግዴታ ያለበት ሰው የለም። አማርኛ ማንበብ የማይችል የ14 ዓመት ልጅ እዛ የሚገባው ወይ ውድ የግል ትምህርት ቤት ነው ወይ ቤት ነው የሚቀመጠው። በ16 ወይ በ17 ዓመቱ ሲመለስ ጂሲኤስኢ የለውም፣ ኮሌጅ ሊመዘገብ ሲሄድ እንግሊዝኛና ሒሳብ አምጣ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ቢል ደግሞ የመንግስት ብድር ለማግኘት ከትምህርቱ በፊት ሦስት ዓመት እዚህ አገር ነዋሪ መሆን ይጠየቃል፣ ረጅም ጊዜ ውጪ የቆየ ልጅ ጊዜያዊ ጉዞ ነበር ብሎ ማስረዳት ይጠበቅበታል፣ ይሄን ሲልኩት የሚያስብ ሰው አላጋጠመኝም። ልጁ ጥፋት የለበትም አላልኩም። ቢላ ይዞ የተገኘ ልጅ እና ሞባይሉን አልሰጥም ብሎ የተሳደበ ልጅ ግን አንድ አይነት ትኬት ሊቆረጥላቸው አይገባም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቤተክርስቲያኑም መስጊዱም ማህበሩም ለቀብርና ለሰርግ ሰው ይመድባል፣ ለሚቲንግም ይመድብ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ከወላጅ ጋር ገብቶ ማስታወሻ የሚይዝ አንድ ሰው ለየሰፈሩ ይበቃል፣ ጠበቃ መሆን የለበትም። የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤቶችም ልጆቹን በሌላ አይን ስለሚያውቋቸው «ይሄ ልጅ እኛ ጋ እንዲህ ነው» ብለው አንድ ገጽ ቢጽፉ ገቨርነሮቹ ያነቡታል፣ ሲያነቡት አይቻለሁ። እናንተም እዛ ለልብስ ስፌትና ለእቃ መላኪያ ማስታወቂያ የምትሰጡት ገጽ ጥግ ላይ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ስድስተኛውን ቀንና ሁለቱን 15 ቀናት በትልቁ ብታትሟቸው ደስ ይለኛል። ጽሁፉን አዘጋጅቼ እልካለሁ፣ በነጻ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢያችሁ ከሰሜን ለንደን