ይድረስ ለአባባ፣ ከሴቪያ

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎስ? እኔ ክብር ምስጋና ለመድኃኔ ዓለም ይሁንና ደህና ነኝ። ዘንድሮ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ የፈረንጆቹ ፋሲካም እንደ እኛው ሚያዝያ 12 ስለዋለ፣ እርስዎ ለሕማማቱ ሲሰግዱ እኔ በደቡብ ስፔን፣ በሴቪያ ነበርኩ። በስልክ ስለ ከተማዋ ትልቅ ማማ ሳወራዎት «ለመሆኑ በምን ሠሩት?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ግንበኛ ጡረታ ቢወጣም ጥያቄው አብሮት አይወጣም መቼም።

በጡብ ነው አባባ። ሂራልዳ የሚሉት የካቴድራሉ ደወል ቤት መጀመሪያ የመስጊድ ሚናሬት ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1184 እስከ 1198 ተሠራ። ክርስቲያኖቹ ከተማዋን በ1248 ሲይዙ መስጊዱን ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ በ1401 ደግሞ በቦታው ካቴድራሉን ለመሥራት ወሰኑ። መስጊዱ ሲፈርስ ሚናሬቱን ግን አስቀሩት። የደወሉን ክፍል ከላይ ጨምረው በ1568 ጨረሱና ዛሬ ቁመቱ 104 ሜትር ያህል ሆኗል። ማዕዘኑ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ የላቲን ጽሕፈት ያለባቸው ድንጋዮች አገኘሁ፤ ከሮማውያን ፍርስራሽ ለቅመው ለመሠረት አውለዋቸዋል። ውስጡ ደግሞ፣ ከጫፉ ላይ ካሉት ጥቂት እርከኖች በስተቀር ደረጃ የሚባል የለውም! ሙአዚኑ፣ ለሶላት የሚጣራው ሰው፣ በፈረስ እንዲወጣ ተብሎ ነው ይላሉ፤ 35 ተዳፋቶች እየዞሩ ያወጣሉ። ጉልበትዎን የጠየቅሁት ያለ ነገር አይደለም።

ካቴድራሉ ራሱ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ግዝፈቱ አደከመኝ፤ ወርቁም በዛብኝ። ልቤን የወሰደው አልካሳር ነው። ንጉሥ ፔድሮ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ በ1364 ቤተ መንግሥቱን ሙስሊም ጠቢባን እንዲያስጌጡለት አደረገ፤ እነሱም ግድግዳው ላይ በዐረብኛ «ሱልጣን» ብለው ጻፉለት። የጄሶው ፍልፍል የእማማን ዳንቴል ይመስላል።

ማታ ማታ ሰልፉን እከተል ነበር። ወደ 60 የሚሆኑ የምእመናን ማኅበራት በሳምንቱ ውስጥ በየተራቸው የጌታንና የእመቤታችንን ሐውልት ተሸክመው ወደ ካቴድራሉ ይሄዳሉ። ሐውልቱ የቆመበት መድረክ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። ተሸካሚዎቹ ከሥሩ ገብተው በማጅራታቸው ነው የሚያነሡት፤ በመጋረጃ ስለሚሸፈኑ መንገዱን አያዩም፤ እኛም ከእግራቸው በቀር አናያቸውም። አለቃቸው ከፊት ያለችውን መዶሻ ሲመታ በአንድ ትንፋሽ ብድግ ይላሉ። የእኛ ሰው ቢሆን እልልታውን ያቀልጠው ነበር፤ እነሱ ያጨበጭባሉ። አንድ ሰው ከሰገነት ላይ ሳዬታ፣ ያለ መሣሪያ የሚዜም የሕማማት ዜማ፣ ሲጀምር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ይላል።

ከፊት የሚሄዱት ሾጣጣ ቆብ ደፍተው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። የአሜሪካ ዘረኞችን ልብስ ለሚያውቅ ጥቁር ሰው ያስደነግጣል፤ ይህኛው ግን ከእነሱ በብዙ የቀደመ የንስሐ ልብስ ነው። አጠገቤ የቆመች ትንሽ ልጅ የሰም ኳስ ስትዘረጋ፣ ባለ ቆቡ ቆም ብሎ ሻማውን አዘነበለና አንጠባጠበላት። ልጆቹ ኳሱን ዓመት እየጠበቁ ያሳድጉታል። አስፋልቱ ላይ የሚቀረው ሰም ደግሞ የመኪና ጎማ ያስጮኻል።

ስለ ጾማቸው ባይጠይቁኝ ይሻላል። በሕማማት እንቁላል ውስጥ ተነክሮ የተጠበሰ፣ በማር የራሰ ዳቦ ይበላሉ። እኔ እስከ ፋሲካ ታግሼ ቀመስኩት፤ ይጣፍጣል። ከፋሲካ በኋላ ለሚመጣው የፌሪያ በዓላቸው አልቆየሁም፤ ድንኳኖቹ አብዛኞቹ የግል ስለሆኑ ጋባዥ የሌለው እንግዳ ውጭ ቆሞ ነው የሚቀረው።

በሚመጣው ዓመት የእነሱ ፋሲካ በእኛ ሆሳዕና ይውላል። ስለዚህ ሰልፉን ከእኔ ጋር አይተው ለሕማማቱ ቤትዎ ይደርሳሉ፤ ስግደትዎ አይጓደልም። ፓስፖርትዎ ጊዜው እንዳላለፈበት እህቴ ትይልዎት፤ የቪዛውን ወረቀት እኔ ከዚህ አዘጋጃለሁ። እማማንም ይጠይቁልኝ፣ እሺ ካለች ለሁለታችሁ ነው የምቆርጠው።

ናፋቂ ልጅዎ