ለደንበኞቻችን፦ ረቡዕ ከሰዓት ለምን እንደምንዘጋ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ከመስቀል ወዲህ ረቡዕ ከሰዓት መጥታችሁ በራችን ተዘግቶ የተመለሳችሁ ጥቂት አይደላችሁም። «ክሊኒኩን ሊሸጡት ነው መሰል» ተብሎ መታማታችንም ጆሯችን ደርሷል። አልሸጥንም፣ አንሸጥምም። ላሙም፣ በጉም፣ በቅሎውም እንደ ድሮው ይታከማል። ረቡዕ ከሰዓት ግን እኛው ተማሪዎች ነን። የምንማረው እናንተ ስለማታረቡት እንስሳ፣ የተጎዳ የዱር እንስሳን ስለማስታመም ስለሆነ ማብራሪያ ይገባችኋል።

ነገሩ የተነሳው በአንዲት ሚዳቋ ነው። አምና አንድ ደንበኛችን፣ አያ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት፣ ከውሾች አፍ ያስጣሏትን ሚዳቋ በጋቢያቸው ጠቅልለው በባጃጅ ይዘውልን መጡ። ከጥቂት ጭረት በቀር ቁስል አልነበራትም። ደስ አለን። ግቢ ውስጥ አስቀመጥናት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየመጣ ዳበሳት፤ አብሯት ፎቶ የተነሳም አለ። ንቅንቅ አትልም። «ለማዳ ናት እኮ!» ተባባልን። በሁለተኛው ቀን የኋላ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ሽንቷ እንደ ቡና ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ዶክተራችን ምክንያቱን አንብቦ የደረሰበት ከቀበርናት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እንደ ሚዳቋና ድኩላ ያሉ እንስሳት ክፉኛ ሲሳደዱና ሲያዙ ጡንቻቸው ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ይፈርሳል። ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ነገር ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ልብም ይነካል። ሞቱ ያኔውኑ ሊመጣ ይችላል፣ ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል። እኛ ለማዳ ያልናት ፈርታ ደርቃ ነበር። የዱር እንስሳ ሲፈራ ሁልጊዜ አይራገጥም፤ አንዳንዴ ዝም ይላል። ውሾቹ የጀመሩትን እኛ በፍቅር ጨረስነው ማለት ነው። አያ መጥተው ሲጠይቁን እውነቱን ነገርናቸው። ቡና ጠጥተው ሳይጨርሱ ሄዱ።

ዶክተራችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በወጉ የተማረ ሰው ነው። የተማረው ግን በዋናነት ላም፣ በግ፣ ፈረስና ዶሮ ነው፤ አገሩም ከእሱ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የዱር እንስሳን አስታሞ ወደ ጫካው መመለስ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ሳናውቅ ኖረናል። በሌላ አገር አስታማሚዎቹ ማኅበር፣ ኮርስና ፈተና አላቸው። አሜሪካ ውስጥ ተሰዳጅ ወፎችን ለማስታመም የፌዴራል ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በፈጀ ጊዜ ውስጥም 100 ሰዓት በእጁ የሠራ መሆን ይጠበቅበታል። ከዚያ ውስጥ በኮርስና በሴሚናር የሚያዝለት እስከ 20 ሰዓት ብቻ ነው። ዓይናችንን የገለጠው ይህ ቁጥር ነው። የቀረው 80 ሰዓት ከስልክ ላይ በማንበብ አይገኝም፤ ኔትወርክ ቢኖርም እንኳ።

ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት ዶሮ ተውሰን እንለማመዳለን። አትሳቁ። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ሆኖ የሚያስተነፍሰን ጡንቻ፣ የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ነው። «እንዳታመልጠኝ» ብሎ ደረቷን ጭምቅ አድርጎ የያዛት ሰው አነቃት ማለት ነው። ረዳታችን ጠቦት በአንድ እጁ የሚያነሳ ጎበዝ ነው። ዶሮ ሳያስጨንቅ፣ ክንፏንም ሳይለቅ ይዞ መቆየት ግን ሦስት ረቡዕ ፈጀበት። ከዚያ ክንፍ በፋሻ ማሰር ተማርን፤ እሱ ገና አላለቀም። ዶሮዋ በሰላም ወደ ባለቤቷ ተመልሳለች። በዓል ሲመጣ የሚሆነው የእኛ ጉዳይ አይደለም።

ውሃ ማጠጣትም ትምህርት ይፈልጋል። የወፍ የአየር ቧንቧ የሚከፈተው ምላሷ ሥር ነው፤ በመንቁሯ ውሃ ያንቆረቆረ ሰው ሳንባዋ ውስጥ ሊያፈስ ይችላል። ከሁሉ ያስደነገጠን ግን የክንፍ አጥንት ነገር ነው። በብዙ ወፎች የላይኛው የክንፍ አጥንት ውስጡ ባዶ ነው፤ ከምትተነፍስበት የአየር ከረጢት ጋርም ይገናኛል። አጥንቱ ተሰብሮ ቁስሉ ክፍት ሲሆን፣ የላም ቁስል እንደለመድነው በሲሪንጅ ውሃ እየረጨን ብናጥበው ወፏን በክንፏ በኩል ልናሰጥማት እንችላለን። ይህን ያነበብን ዕለት ብዙ አላወራንም። ባለፉት ዓመታት ስንት ጭልፊት እንዳጠብን ሁላችንም በልባችን እየቆጠርን ነበር።

ሚዛንም ገዝተናል። የፍየል ሚዛን ነበረን፤ የወፍ መድኃኒት ግን በግራም ነው የሚሰላው። አሁን ጠረጴዛችን ላይ የምታዩት ትንሽ ሚዛን ለዚያ ነው እንጂ ወርቅ መነገድ አልጀመርንም።

ለአገራችን ሰው ከባዱ ትምህርት ግን የምግቡ ነው። ተጎድቶ የመጣ እንስሳ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ጨለማና ጸጥታ ነው። ቀጥሎ ፈሳሽ። ምግብ መጨረሻ ነው። ለብዙ ቀን የተራበ እንስሳ በአንዴ ጠግቦ ሊሞት ይችላል። እንግዳን ጨለማ ቤት ዘግቶ ጦሙን ማሳደር ለጎጃሜ እንዴት ይዋጥለታል? የመድኃኒት መደርደሪያዋን የምትጠብቀው እህታችን እስካሁን ድረስ ተሰውራ ዳቦ ልትሰጥ ስትል እንይዛታለን።

ሌላው የራሳችን ደህንነት ነው። ጦጣም፣ ቀበሮም፣ ጅብም የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዱር እንስሳ የሚነካ ሰው አስቀድሞ መከተብ አለበት። ከእናንተም የተነከሰ ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጸበሉም ይቀጥል፣ ማንም አይከለክልም። ክትባቱ ግን ይቅደም።

ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የከብት ሕመም ማስታገሻ ለምን አጣን ላላችሁም መልሱ እዚህ ላይ ነው። ከመደርደሪያችን ያወረድነው በዚሁ ትምህርት ምክንያት ነው። ከ1990ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ ሕንድና ጎረቤቶቿ ውስጥ ጥንብ አንሳዎች ረገፉ፤ በአንዳንዱ ዝርያ ከመቶ ከ95 በላይ ጠፋ። በ2004 ምክንያቱ ታወቀ። ዳይክሎፌናክ ተወግታ ብዙ ሳትቆይ የሞተች ላም ሥጋ የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ይበላሻል። ሕንድ በ2006 መድኃኒቱን ለከብት ከለከለች። እኛ አገር የበሬ ሬሳ የሚጣለው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቄራው ላይ የሚያንዣብቡት ወፎችም የዓባይ በረሃ ገደል ላይ የሚያርፉት ናቸው። በምትኩ ሜሎክሲካም አምጥተናል፤ ለከብት ሕመምና እብጠት ይሠራል፣ ጥንብ አንሳንም አይገድልም። ዋጋው ትንሽ ወደድ ይላል፤ በዚህ ይቅር በሉን።

እንግዲህ የተጎዳ የዱር እንስሳ ብታገኙ ከማንሳታችሁ በፊት ደውሉልን። ሣር ውስጥ ብቻዋን የተኛች የሚዳቋ ግልገል አብዛኛውን ጊዜ የተጣለች አይደለችም። እናቷ ደብቃት ልትግጥ ሄዳ ነው፤ ተመልሳ ታጠባታለች። ትታችኋት ሂዱ። ክንፉ የተሰበረ ወፍ ካገኛችሁ ደግሞ ነጠላ ጣሉበት፣ አየር የሚያስገባ ካርቶን ውስጥ አድርጉት፣ ክደኑት። አትዩት፣ አታብሉት፣ አታጠጡት። የተገኘበትን ቦታ በደንብ ያዙልን፤ ከዳነ የሚመለሰው እዚያው ነው።

ቤት ወስዶ ማሳደግ ግን አይሆንም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ ክልክል ነው። ሰው እያጎረሳት ያደገች የጉጉት ጫጩትም ሰውን ዘመዷ አድርጋ ትቀራለች፤ ጫካ ብትለቋት መኖር አትችልም። የእኛ ሥራ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጥቶ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎች ማሳወቅ ነው። ሆለታ አጠገብ እንስሳ ኮቴ የሚባል የማገገሚያ ማዕከል አለ፤ ግን ከማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱንም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አንዳንዴ ማድረግ የምንችለው እንስሳውን ሳያሰቃዩ ማሳረፍ ብቻ ነው። እሱን ገና አልለመድነውም። የሚለመድም አይመስለንም።

ለዱር እንስሳ ሒሳብ አንቀበልም። የሚጠቅመን ያረጀ ፎጣ፣ ካርቶንና የምትዋሱን ዶሮ ነው።

ረቡዕ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በሩ ዝግ ነው። ላም ምጥ ይዟት ካስቸገራት ግን ዝም ብላችሁ ደብድቡት፤ ከውስጥ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ሠራተኞች
ደብረ ማርቆስ