ጋኔን አለባቸው ስለሚባሉ ቅርሶች አጎበኛኘት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጋኔን ይኖርበታል እየተባለ የሚፈራ ጥንታዊ ስፍራን መጎብኘት ከንቱ ድፍረት ነው በሚለው አስተያየት አልስማማም፤ ቅሬታዬ በአተራረኩ ላይ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከሐዋሳ ተነሥተን በቡታጅራ በኩል ጥንታዊ የድንጋይ ሐውልቶች ወዳሉባት ወደ ጢያ ስንጓዝ፣ አክስቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከስፍራው እንድንወጣ አስጠንቅቀው በኪሴ ጤና አዳም ከተውልኝ ነበር (ለሽታው ስል አልተቃወምኩም)። ከ36ቱ ሐውልቶች በብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ስለተቀረጸ ይመስለኛል «የግራኝ ድንጋይ» ሲባሉ የኖሩት፤ ይሁን እንጂ ድንጋዮቹ ኢማም አሕመድ ከተነሡበት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የቀደሙ ሲሆኑ፣ በቁፋሮም ከሥራቸው የሰው መቃብር ተገኝቷል። ስለዚህ የአካባቢው ሰው በምሽት መፍራቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስፍራው በእርግጥ መካነ መቃብር ነው። ያስጎበኘን ሰው ግን ሌሊት ስለሚፋጩ ሰይፎች ግማሽ ሰዓት ያህል ተርኮ መቃብሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፈው። አፈ ታሪኩ ይቅር አልልም፤ አፈ ታሪክ መሆኑ ተነግሮ፣ ከመቃብሩ ታሪክ ቀጥሎ ይተረክ። ልጄ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ሰይፎቹ እንዴት እንደሚጮኹ ስትጠይቀኝ መጣች፤ እነማን እንደተቀበሩ ግን አንዴም አልጠየቀችም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ