ቅዳሜ ስለ ጆሳያ ዌጅዉድ እናወራለን

ውድ አባላት፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር ስንገናኝ የምናነሳው እንግሊዛዊውን ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅዉድን ነው። በልጅነቱ ፈንጣጣ የእግሩን ጉልበት ጎዳው፤ በ1768 እ.ኤ.አ. ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። ሙከራውን ግን አልተወም። የምድጃ ሙቀት መለኪያ ሠርቶ በ1783 ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የብሪታንያ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር አባል ሆነ።

እኔን የሚገርመኝ ግን በ1787 ያሠራው ሜዳሊያ ነው። በላዩ ላይ በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ «ሰው አይደለሁምን? ወንድምስ?» ይላል። የባሪያ ንግድን ለመቃወም የተሠራ ነው።

ዌጅዉድ የእንግሊዝ ንግሥት ሸክላ ሠሪ ተብሎ ተከበረ። የእኛ አገር ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ «ቡዳ» ተባሉ። ያሳዝናል! በጀበናቸው ቡና እየጠጣን እኮ ነው።

ስትመጡ ከቤታችሁ አንድ የጎጃም ሸክላ ያዙ። የሠራችውን ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ፈቃደኛ ከሆነች እሷንም ጋብዙልን።