ይድረስ ለአብዬ፦ ስለ ላይኛው ማሳ

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.

አብዬ፣ እንደምን ከረሙ? ዓይንዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን።

ባለፈው ቅዳሜ ስደውል ድምፅዎ በጣም ከሩቅ ይመጣ ነበር። ሁለት ጊዜ "ማን ልበል?" አሉኝ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ብጽፍ ይሻላል አልኩ። በስልክ የማልደፍረው ነገርም አለኝ።

የሚያነብልዎ ወንድሜ እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እየዘለልክ እንዳታነብ። ለአብዬ ነው የምጽፈው፤ አንተንም ይመለከትሃል። አንብበህ ስትጨርስ ትንሽ ለብቻቸው ተዋቸው።

መጀመሪያ የዓይንዎን ነገር ልጨርስ። ሞራ ነው ተብሏል። ሞራ ደግሞ ይገፈፋል። ሰው ጠዋት ገብቶ በዚያው ቀን ዓይኑ ተሸፍኖ ይወጣል። እርስዎ ግን "ያየሁት ይበቃኛል" ብለዋል አሉ። ይህን አይበሉኝ አብዬ። መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ እንደሆነ እኔም አላጣሁትም። ክፍት በሆነ ቀን ወንድሜ ይዞዎት ማርቆስ ይውረድ። ገንዘቡን ልኬያለሁ። እባክዎ ለማዳበሪያ እንዳያውሉት።

ልጆቹ ይናፍቁዎታል። ትልቁ አራተኛ ክፍል ገብቷል፤ ሒሳብ ይወዳል። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣራ ላይ ካልወረወርኩ ብላ አለቀሰች። እኛ ያለነው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ጣራው የት ተደርሶ? "በቃ ለአያቴ ላኪልኝና እሱ ቤት ላይ ይጣልልኝ" አለች። በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኩላት።

ትልቁ ደግሞ አንድ ማታ ላፕቶፕ ላይ ስሠራ አጠገቤ ቁጭ አለ። ከአውሮፕላን የተነሣ የቀበሌያችንን ፎቶ ከፍቼ ነበር። "ይሄ የሚያበራው የማን ቤት ነው?" አለኝ። የእርስዎ ቆርቆሮ ነበር አብዬ። ከጎኑ ኮሶው እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ከኮሶው በላይ ላይኛው ማሳ አለ። ምስሉን አቀረብኩት። ምን ባይ ጥሩ ነው? እርከንዎን። እያንዳንዱ ካብ እንደ ቀጭን ክር ተዘርግቶ ይታያል። ቆጠርኩት፤ 17 ነው። ከታች ሦስተኛው ላይ መሐሉ ጎበጥ ይላል። ያቺ ትልቋ ድንጋይ አልነቀል ብላ የዞሩባት ቦታ ናት። እኔ ጠጠር ሳቀብልዎ እግሬን የቀጠቀጠኝም እዚያው ነው።

ልጁ የአያቱ ቤት መሆኑን ሲያውቅ ደስ አለው። እኔ ግን ላፕቶፑን ዘጋሁት።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁምና ልንገርዎ። የመሬት አጠቃቀም እቅድ ባለሙያ ነኝ። አንድ ቀበሌ ይዘን አፈሩን፣ ተዳፋቱን፣ ውኃውን፣ የሰዉን ኑሮ እናያለን። የቱ ይታረስ፣ የቱ ለሣር ይቅር፣ የቱ ዛፍ ይልበስ፣ ቤት የት ይሠራ የሚለውን ከሕዝቡ ጋር ተነጋግረን ካርታ ላይ እናወጣለን። ከየወረዳው የሚመጣውን ካርታ እኔ ሳላረጋግጠው አያልፍም። አጠራጣሪውን ማሳ መስክ ወርጄ እለካዋለሁ።

በዚህ ሥራ ጎጃምን በእግሬ አዳርሻለሁ። መራዊ ወርጄ የቆጋን 7,000 ሄክታር መስኖ አይቻለሁ። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ለከሰል ብሎ የተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ኮረብታውን ሲያለብሰው አይቻለሁ። ደምበጫ አጠገብ ደግሞ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። በየዝናቡ ስንት አፈር እንደሚሄድ ከ1976 ጀምሮ ሲለካ የኖረበት ነው። እርከን ከዓመት ዓመት አፈር እየያዘ ተዳፋቱን ደረጃ በደረጃ ሜዳ ሲያደርገው እዚያ አየሁ። ቆሜ እርስዎን አሰብኩ። ማንም ሳያስተምርዎ የሠሩት እሱኑ ነው። የአንጀኒ ተዳፋት ግን የእኛን አያክልም።

አሁን ወደ ፈራሁት ልምጣ።

የቀበሌያችን እቅድ ተሠርቷል። ላይኛው ማሳ ከእርሻ ወጥቷል።

ይህን ጽፌ ብዙ ቆየሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። 10 ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ 6 ሜትር ከወጡ ተዳፋቱ 60 በመቶ ነው። በ1997 የወጣው የፌዴራል አዋጅ ከ60 በላይ የሆነው መሬት ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ይዋል እንጂ አይታረስ፣ ልቅ ግጦሽም አይግባበት አለ። ከ31 እስከ 60 ያለው ጠረጴዛ እርከን ተሠርቶለት ይታረሳል። እኛም ተምረን የወጣነው በዚህ ነው። የእኛ 64 መጣ። አላመንኩም። ለጥምቀት ስመጣ "እስቲ እግሬን ላፍታታ" ብዬ ወደ ላይ የወጣሁት መለኪያውን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነበር። ሦስት ቦታ ላይ ለካሁ። እርስዎ በር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ ነበር። "ምን አየሽ?" ሲሉኝ "ገብሱ የተቆረጠበት ያምራል" አልኩዎ። ዋሽቼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ሌላም ያልነገርኩዎ አለ። ከጎን ያለው ማሳ 53 ነው። መስመሩን ገፋ አድርጌ ሁለቱን አንድ ላይ ብይዛቸው አማካዩ ከ60 በታች ይወርድ ነበር። ማንም አይጠይቀኝም። ያን ማታ ልጆቹ ተኝተው እጄ ማውሱ ላይ ቆየ። አልገፋሁትም።

ለምን እንዳልገፋሁት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። 1989 ነው፤ መሬቱ እንደገና የተደለደለ ጊዜ።

8 ዓመቴ ነበር። ትንሽ ናት፣ አታስታውስም ብለው ይሆናል። ሁሉንም አስታውሳለሁ። ሁለት ሰዎች ገመድ ይዘው ሜዳው ላይ ሲራመዱ፣ አንዱ ደግሞ ደብተር ይዞ ሲከተላቸው። እርስዎ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ፤ "ቢሮክራት" ተባሉ። ቃሉን ያን ቀን ነው የሰማሁት። የበሽታ ስም መስሎኝ ነበር። ለሌላው እስከ 3 ሄክታር ሲፈቀድ ቢሮክራት የተባለ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተባለ። ሜዳው ሄደ። ከታች ሦስት ጥማድ፣ ከላይ ቁልቁለቱ አንድ ጥማድ ቀረልን። ገመዱ ለአንዱ ሲላላ፣ እርስዎ ጋ ሲደርስ ሲወጠር በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እምዬ ጠላ ይዛ ወጣች። እንግዳ ናቸው ብላ ለለኪዎቹ ቀዳችላቸው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድ ጠብታ ግን አላፈሰሰችም።

ያን ማታ እራት አልበሉም። በማግስቱ ላይኛው ማሳ ላይ ወጥተው ድንጋይ መልቀም ጀመሩ።

አብዬ፣ ይህን ትምህርት የመረጥኩት በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ገመዱ እኔ እጅ ከገባ ለማንም አይላላም፣ በማንም ላይ አይወጠርም አልኩ። ዛሬ ለእኛ ባላላው ነገ የሌላውን ሰው አባት ማሳ ፊት ለፊት ቆሜ እንዴት እለካለሁ?

እርስዎ ግን ሌላ ነገር ነው ያዩት። በ2003 ስመረቅ አልመጡም። እምዬ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነበር። ከጎኔ የሚቆም እርስዎ ብቻ ነበሩ። ፎቶው ላይ በእርስዎ ቦታ አጎቴ ቆሟል። ሐምሌ ላይ አገር ቤት ስመጣ ለዘመድ ሁሉ እየሰገድኩ እርስዎ ጋ ስደርስ "ገመድ ያዥ ሆነሽ መጣሽ?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሰማ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም። አያቴ በ1960 "የእርሻ ገቢ ግብር ብላችሁ ርስቴን አታስለኩም" ብሎ ጠመንጃውን አንግቶ የወጣ ሰው መሆኑን አውቃለሁ። የእሱ የልጅ ልጅ ለኪ ሆነች ብለው መቆጨትዎ ይገባኛል። ግን 15 ዓመት ነው አብዬ። ጤናዬን ይጠይቁኛል፣ ልጆቹን ይጠይቁኛል፣ ዝናብ ጣለ ወይ ይሉኛል። "ሥራ እንዴት ነው?" አንድ ቀን ብለውኝ አያውቁም።

ሣጥኑ ውስጥ በፌስታል ጠቅልለው ያስቀመጡት አረንጓዴ የመሬት ደብተር አለ። የእምዬ ፎቶ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው ቀበሌ የመጣ ቀን ነጠላዋን ሦስት ጊዜ አስተካከለች። ደብተሩ ሲመጣ ስሟ ከእርስዎ ስም ጎን ተጽፎ ሲነበብላት "እኔም አለሁበት?" አለች። እስከ ማታ ስትስቅ ዋለች። ያን ደብተር የጻፉትም ገመድ ያዦች ናቸው። እኔ የምሠራው እሱን ነው ብዬ ልነግርዎ ብዙ ጊዜ አስቤ ሳልነግርዎ ቀረሁ።

ደብተሩን ሳነሣ ትዝ አለኝ። ለማንም እንዳይሰጡ። ብድር ላስይዝበት የሚል ዘመድ ቢመጣም እንዳይሰጡ። አይጥ እንዳይደርስበት ከሣጥኑ በላይ መደርደሪያው ይሻላል።

የተናገርኩትን ተናገርኩ እንጂ የዋሉልኝን አልረሳሁም። ለትምህርቴ ብለው ጊደሯን ሽጠው ማርቆስ ቤት የተከራዩልኝ እርስዎ ነዎት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ ተሸክመው ይመጡልኝ ነበር። እሱ እንዳለ ነው።

አሁን የሚሆነውን ልንገርዎ። ከፋሲካ በኋላ ስብሰባ ይጠራል። እቅዱ ሕዝብ ፊት ይቀርባል። ከዚያ ሰምተው እንዲደነግጡብኝ አልፈለግሁም። መሬቱ የእርስዎ ነው፤ ይዞታዎን ማንም አይነካም። የሚቀየረው የሚበቅልበት ነገር ነው። ካልተስማሙ ተነሥተው ይናገሩ። ልጄ ያለችበት ነው ብለው ዝም እንዳይሉ። በ1989 ዝም ብለዋል። አሁን ግን ይናገሩ፤ በእኔም ላይ ቢሆን።

እርከኑን ማንም አያፈርሰውም። ካቡ ጫፍ ላይ ዴሾ ሣር ቢገባ ድንጋዩን ጨምድዶ ይይዘዋል። መሐሉን ለከብት መኖ በሚሆነው ትሪ ሉሰርን፣ ከላይ በቀርከሃ መያዝ ይቻላል። ሣሩን እያጨዱ ለላሟ ነው፤ ቀርከሃው ደግሞ ሲደርስ ይሸጣል። "ገብሱስ የት ይዘራ?" ይሉኛል። እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። አንድ ጥማድ ገብስ እዚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ሣሩ እስኪደርስ ድረስ የአንዱን ዓመት እህል እኔ እችላለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል።

የታችኛውም አፈር ኮምጥጧል። ኖራ ካልተነሰነሰበት ማዳበሪያ ብቻውን እህሉን አያነሣውም፤ ብር መጣል ነው። የኖራውን ዋጋ እልካለሁ። ወንድሜ፣ ታችኛው ላይ ባሕር ዛፍ ልትተክል አስበሃል አሉ። ብሩ እንደሚያጓጓ ይገባኛል፣ አራት ልጅ ይዘሃል። ግን ሦስት ጥማድ ብቻ ነው የቀረው። ባሕር ዛፉ አንዴ ከገባ የጎረቤትን ማሳ ሳይቀር ያደርቀዋል፣ ጠብም ያመጣብሃል። በሞቴ፣ እኔ እስክመጣ ቆይ።

ለፋሲካ መንገዱ ከፈቀደልኝ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። አብረን ላይኛው ማሳ ላይ እንውጣ። መለኪያውን ዘንድሮ ኪሴ ውስጥ አልደብቀውም። እርስዎ ራስዎ ይያዙት። ቁጥሩን ትልቁ ልጄ ያነብልዎታል። ከፈለጉ ይቆጡኝ። ዝም ብቻ አይበሉኝ።

የዓይኑን ነገር አደራ።

የትንሿ ጥርስ ፖስታው ውስጥ በነጭ ወረቀት ተጠቅልላለች፤ ወንድሜ ሲከፍት እንዳይጥላት። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው ላይ ይወርውሩላት። ዓይንዎ ባያያት እንኳ ስታርፍ ኮሽ ትላለች፤ ይሰሟታል።

ልጅዎ