ጉዳዩ፦ የስኳር ሕመምን በተመለከተ በላካችሁት የተሳሳተ መልእክት ላይ የቀረበ ቅሬታ

ለአጭር መልእክት የጤና መረጃ አገልግሎት ድርጅት
አዲስ አበባ

ደንበኛችሁ እናቴ ናት። በየቀኑ ከስልኳ ሂሳብ ትቆርጣላችሁ፤ በምትኩ የጤና ምክር ትልኩላታላችሁ። ባለፈው ሳምንት የላካችሁላት ይህ ነው፦ «የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ለ7 ቀን የጠጣ የስኳር ሕመምተኛ የሦስት ወር ስኳሩ ይስተካከላል፤ መርፌም አያስፈልገውም።» ከሥሩ ዱቄቱን ማዘዣ ስልክ ቁጥር አለ።

ታናሽ ወንድሜ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለበት። እናቴ መልእክቱን አምና ዱቄቱን አዘዘች፤ «እስቲ መርፌውን ለሳምንት እንተወው» አለችው። ደግነቱ እኔ ቤት ነበርኩ። የእሱ ቆሽት የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን አያመነጭም፤ በመርፌ ነው የሚያገኘው። እንዲህ ያለ ሰው መርፌውን ካቆመ በቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ይሞላና ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ውስጥ ከመገኘቱ በፊት ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ብዙም አይቆይም ነበር።

በሽፈራው ላይ ጥላቻ የለኝም። ኮንሶ ውስጥ የዘወትር ምግብ ነው፤ እኛም ቤት ይበላል። የኢንሱሊንን ቦታ ግን አይተካም።

ደግሞ ውሸቱ ከራሱ ከመልእክቱ ይታወቃል። የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ በቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው የሚለካው። ሴሉ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ታዲያ በ7 ቀን እንዴት ተስተካከለ? መልእክቱን ከመላካችሁ በፊት አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ብትጠይቁ ይነግራችሁ ነበር።

ስደውልላችሁ ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ኢንተርኔት ላይ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው ሼር አድርጎታል» አለችኝ። ሼር መደረጉ ምን ያረጋግጣል? እኔ የጠየቅኳት ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደተጻፈና ከየትኛው ጥናት እንደተወሰደ ነበር። ከዱቄቱ ሽያጭ ማን እንደሚጠቀምም ጠይቄያለሁ። አንዱም አልተመለሰልኝም። ነጻ ወሬ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ እናንተ ግን ገንዘብ ትቀበላላችሁ።

በነገራችን ላይ እናቴ «አቁም» ብላ ብትልክም ሂሳቧ አሁንም ይቆረጣል። ስለ እሱ ለብቻው እጽፋለሁ።

መልእክቱ ለደረሳቸው ስልኮች ሁሉ «ኢንሱሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቁሙ» የሚል ማረሚያ በአስቸኳይ እንድትልኩ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህም በእያንዳንዱ ምክር ላይ ያዘጋጀው ባለሙያ ስም፣ ቀኑና ምንጩ ይጻፍ። ማስታወቂያ ከሆነ ማስታወቂያ መሆኑ ይገለጽ። በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ማረሚያው ካልተላከ መልእክቱን ይዤ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እሄዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የደንበኛችሁ ልጅ