አራሷን ጠይቂያት፣ ደብተርሽን ግን ትተሽ ሂጂ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎታል፤ ጠዋት ጠዋት በእግሩ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ስሞ መምጣት ጀምሯል። ባለፈው በስልክ ያነሳሽውን ጥያቄ እዚያው በችኮላ ልመልስልሽ አልፈለግሁም። ስልክ ላይ ሁለታችንም እንሻማለን፤ ይሄ ደግሞ ተረጋግተሽ እንድታነቢው የምፈልገው ነገር ነው።

ለሥነ ልቦና ትምህርትሽ ከተወለደ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ቤቱ እየሄድሽ የምትመለከቺው ሕፃን ያስፈልግሻል። ቤተ ክርስቲያን የምታውቂያት እህታችን ደግሞ ሰሞኑን በሰላም ተገላግላለች። «እሷን ብጠይቃት እንቢ አትለኝም» አልሽኝ። ልጄ፣ እንቢ ስለማትልሽ ነው እንዳትጠይቂያት የምለምንሽ።

ትምህርቱን የናቅሁት እንዳይመስልሽ። የሥነ ልቦና ሐኪሟ ኤስተር ቢክ እ.ኤ.አ. በ1948 እዚያው ለንደን፣ ታቪስቶክ ክሊኒክ፣ ለሕፃናት የሥነ ልቦና ሕክምና ሠልጣኞች ይህን ምልከታ ስትጀምር ያሰበችው ነገር ዕድሜዬን አዋላጅ ሆኜ ለኖርኩት ለእኔ ልብ ይደርሳል። ተማሪው ቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ ያያል፤ እስክሪብቶ አያወጣም፣ አይመክርም፣ አይመረምርም። ቤቱ ሲመለስ ያየውን ይጽፋል፤ ከዚያ ከጥቂት ጓደኞቹና ከአስተማሪው ጋር ሆነው ያነቡታል። እኛ ማዋለጃ ክፍል ሳለን ሕፃን ሲወለድ አተነፋፈሱን እናያለን፣ እትብቱን ቋጥረን እንመዝነዋለን፣ እናቲቱ ደም እንዳይፈሳት እንጠብቃለን፤ ቀጣይዋ ወላድ ደግሞ እየጮኸች ነው። አንድ ሙሉ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሕፃን እናቱን እንዴት እንደሚፈልግ የሚያይ ባለሙያ ብዙም አልገጠመኝም። ስለዚህ ትምህርቱን ተማሪው፤ በደንብ ተማሪው። እኔን የሚያሳስበኝ በማን በር፣ በምን ዓይነት ፈቃድ እንደምትገቢ ነው።

ተማሪዎች ወደ ማዋለጃ ክፍል ሲመጡ የማየውን ልንገርሽ። ስድስት ሰባት ሆነው ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው አልጋውን ከበው ይቆማሉ። ሐኪሙ «እናት፣ ተማሪዎች ናቸው፤ ቢያዩሽ ቅር ይልሻል?» ይላታል። ሴትዮዋ ምጥ ላይ ናት፤ የእሷም የልጇም ነፍስ በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው። «ምን አለበት» ትላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። እሺ እንዳለች ተቆጥሮ ትምህርቱ ይቀጥላል። እኔ ተረኛ ስሆን ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብዬ «እውነቱን ንገሪኝ፤ ካልፈለግሽ እኔ እመልሳቸዋለሁ፣ የሚቀርብሽ ነገር የለም» እላት ነበር። ስንቶቹ እጄን ጭምቅ አድርገው «እባክሽ አይግቡብኝ» እንዳሉኝ ብታይ! ሰው ፊት ብትጠየቅ ግን ያቺው ሴት «ምን አለበት» ነበር የምትለው።

አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር እ.ኤ.አ. በ1920 ያሳተሙትን ሙከራ ተምረሻል፤ «ትንሹ አልበርት» ያሉትን ሕፃን ነጭ አይጥ እያሳዩ ከኋላው ብረት በመዶሻ እየመቱ ያስደነገጡትን። 11 ወር ገደማ ቢሆነው ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አይጧና ስለ ብረቱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ጽሑፋቸው በአንድ መስመር ያለፈው ነገር ነው፤ እናቱ እዚያው የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ የሌሎች ሴቶችን ልጆች ጡት የምታጠባ ሠራተኛ ነበረች። እንጀራዋን የምትበላበት ቤት ልጅሽን ስጪን ሲላት ምን ትመልሳለች? ሕፃኑም ያሳደሩበትን ፍርሃት ሳያስወግዱለት ከሆስፒታሉ ወጣ። ያንቺ ምልከታ ሕፃን እንደማያስለቅስ አውቃለሁ። እንቢ ማለት የማትችል እናት ግን ዛሬም አለች።

አሁን ወደ እህታችን ልመለስ። ያለችው በሰው አገር ነው፤ እናቷ አጠገቧ የለችም። ገንፎ የሚያገነፋላት፣ አጥሚት የሚያፈላላት፣ ሕፃኑን ተቀብሎ ሁለት ሰዓት እንቅልፍ እንድትተኛ የሚያደርጋት ሰው የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። አንቺም ከእነዚያ ሰዎች አንዷ ነሽ። እሑድ እሑድ ትገናኛላችሁ፣ ክርስትናው ላይ ትገኛለሽ። እንዴት አድርጋ ነው «አይ፣ ቤቴ አትምጪብኝ» የምትልሽ? ይሉኝታ አፏን ይይዛታል። መጀመሪያ ደስ ብሏት ፈቅዳልሽ ኋላ ቢሰለቻት፣ ባሏ ቢያኮርፍ፣ ቤቱ ተዝረክርኮ ሰው እንዳያይባት ብትፈልግ፣ ቡናዋን አፍልታ፣ ቆሎዋን አቅርባ ትቀበልሻለች እንጂ አትነግርሽም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ኤንስዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1954 እና 1955 ኡጋንዳ ውስጥ ካምፓላ አካባቢ 26 ቤተሰቦችን በየሁለት ሳምንቱ ለሁለት ሁለት ሰዓት ስትመለከት፣ ሴቶቹ የተቀበሏት ከሰዓት በኋላ እንግዳ በሚያስተናግዱበት ክፍል ነበር። ትልቅ ሥራ ሠርታለች፤ ሕፃን ከእናቱ ጋር ስለሚተሳሰርበት መንገድ የምትማሪው ብዙ ነገር መነሻው እዚያ ነው። እኔ ግን እንግዳ ከሚከበርበት አገር ስለሆንኩ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ሌላ ነው፤ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ «ይብቃኝ» ማለት ብትፈልግ፣ ሳሎኗ የተቀመጠችውን እንግዳ በምን አንደበቷ ትሸኛት ነበር?

በትምህርታችሁም ልማዱ ተመልካቹ አስቀድሞ የማያውቀውን ቤተሰብ በሌላ ሰው በኩል መፈለግ ነው። አስተማሪሽን ጠይቂ፣ ይነግሩሻል። በመሃል የገባው ሰው እንቢታውን ተቀብሎ ይዞልሽ መምጣት ይችላል፤ አንቺ ፊት መባል የሌለበትም ያን ጊዜ ይባላል።

ሌላም አለ። እኛ ዘንድ ሕፃን ዝም ተብሎ አይታይም። «እግዚአብሔር ያሳድግልሽ» ይባላል፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «ማሻአላህ» ይላሉ። አንቺ ደግሞ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለሽ ልታዪ ነው የምትሄጂው። ለአያትሽ ዝም ብሎ ሕፃን ላይ ከሚተከል ዓይን በላይ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። አንቺ በዓይን አታምኚ ይሆናል፤ እናቲቱም ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልትሆን ትችላለች። ግን ልጁ ክርስትና ሳይነሳ፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሳይሞላ፣ ሰው ሲያፈጥበት እጇ ሳታስበው ነጠላዋን ስቦ ፊቱን ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ ስለ እናቲቱ ጭንቀት የምትጽፊውን በልብሽ ማርቀቅ እንዳትጀምሪ። ነግራሻለች እኮ! ዓይንሽን ከሕፃኑ ላይ አንሺ፣ እሷን አጫውቻት፣ ካስፈለገም ለዛሬ ተሰናብተሽ ውጪ። እንግሊዛዊት ብትሆንም ያው ነው፤ ነጠላ ባይኖራት ጋሪውን ወደ ግድግዳ ታዞረዋለች።

ሕፃኑም ራሱ ይናገራል፤ ይህን ከማንም በላይ አንቺ ልትሰሚው ይገባል። አራስ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ጡት ላይ ሆኖ የእናቱን ፊት የሚያይበት ርቀት ማለት ነው። ያ ቦታ የእሷ ነው፤ ፊትሽን እዚያ አታስገቢ፣ ራቅ ብለሽ ተቀመጪ። ሲበዛበት ደግሞ ፊቱን ያዞራል፣ ጀርባውን ይለጥጣል፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ይወጥራል፣ ያዛጋል፣ ስቅ ይለዋል። ስቅታው ከጠባ በኋላ ከሆነ ምንም ላይሆን ይችላል። ሐኪሙ ቤሪ ብራዘልተን እ.ኤ.አ. በ1973 የአራስ ሕፃናትን ባሕርይ መመዘኛውን ሲያወጣ ባለሙያው እነዚህን ምልክቶች እንዲያነብ አድርጎ ነው የሠራው። እናትየው ወረቀት ላይ ስለፈረመች ሕፃኑ ፈቀደ ማለት አይደለም፤ እሷ የፈቀደችው እሱ እስኪናገር ድረስ በእሱ ፈንታ ነው። አንቺን ባየ ቁጥር ፊቱን የሚያዞር ሕፃን ዘንድ፣ ሰዓቱን ለመሙላት ብለሽ አትቀመጪ።

ስለ ጽሑፍሽም አንድ ነገር ልበል። ስም መቀየር ብቻውን ሰው አይደብቅም። «ባሏ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ሁለተኛ ልጇን በኦፕሬሽን የወለደች፣ ከጎንደር የመጣች ሐበሻ» ብለሽ ጽፈሽ «ስሟን ቀይሬዋለሁ» ብትዪ ለንደን ያለ ሐበሻ ሁሉ በአንድ ቀን ያውቃታል። ሰፈሩን፣ ሥራውን፣ አገሩን አውጪው። የምትጽፊው ደግሞ ያየሽውን ይሁን። «ሕፃኑ ሲያለቅስ እናቱ ስልክ እያወራች ነበር፤ ስልኩን እንደዘጋች አነሳችው» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ግዴለሽ እናት ናት» ማለት ሌላ። በስልኩ ማን እንደነበረ አታውቂም፤ የቤት ኪራይ የሚጠይቃት ሰው ሊሆን ይችላል። ፎቶ አታንሺ፤ እናቲቱ ራሷ አንስታ በቴሌግራም ብትልክልሽም ለጓደኞችሽ አታሳዪ። ልጁ አንድ ቀን ያድጋል፤ ስለ እሱ የተጻፈው ወረቀት እጁ ቢገባ የሚያሳፍረው አይሁን።

«አደጋ ባይስ?» ብለሽኝ ነበር። እሱ የሚያከራክር አይደለም። ሕፃኑ ከሶፋ ጫፍ ሲንሸራተት «ተመልካች ነኝ» ብለሽ የምትቀመጪ ከሆነ ያን ቤት ባትረግጪ ይሻላል። እናትየው ሻወር ልትገባ «ያዥልኝ» ብላ ካቀበለችሽም ተቀበዪያት፤ ማታ ይህንንም ትጽፊዋለሽ። የሚከብደው ሌላው ነው፤ እናትየው በሄድሽ ቁጥር ስታለቅስ፣ እንቅልፍ ሲጠፋት፣ ልጇን መንካት ሲያስጠላት። ይህ በሽታ ነው፤ ይታከማል፤ ዝም ከተባለ ግን ሊገድል ይችላል። ለብቻሽ አትያዢው፤ በዚያው ቀን ለአስተማሪሽ ንገሪ፣ እሷንም ሐኪም እንድታይ አበረታቻት። ለዚህ ደግሞ መንገዱ ገና በመጀመሪያው ቀን ይጠረግ፤ «ያየሁትን ለማንም አላወራም፤ ያንቺ ወይም የልጅሽ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካየሁ ግን ዝም አልልም» በያት። ይህን ሰምታ ብትተወው መብቷ ነው።

እህታችንን ግን ሄደሽ ጠይቂያት። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በያት፣ እጅሽን ታጠቢና ሕፃኑን ተቀብለሻት ትተኛ፤ ዕቃ ካለም እጠቢላት። የገብስ ዱቄትና በሶ ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልሻለሁ፤ ግማሹን ለእሷ ስጪልኝ። ቅቤ ማስገባት ስለሚከለክሉ እሱን እዚያው አንጥሩ።

ሌላ ቤተሰብ ሲገኝልሽ በመጀመሪያው ቀን ምን ብለሽ እንደጠየቅሻት ቃል በቃል ጻፊልኝ፤ እሷም የመለሰችልሽን። አባትሽ ሰላም ብሎሻል፤ ብርድ አይምታሽ ብሏል።

የምትወድሽ እናትሽ